ሦስተኛዋ ቁልፍ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ውሃ ልቀዳ ኮዳዬን ይዤ ከክፍሌ ወጣሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ የውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ስድስት ልጆች ተሰልፈው ቆመዋል። እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀዋል፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። የስድስቱም ዓይን ያረፈው አንድ ቦታ ነው፤ የገዛ ሸሚዛቸው ሦስተኛ ቁልፍ ላይ።

ፊት ለፊታቸው ሦስት ልጆች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሻይ ይጠጣል። ቢበልጧቸው በአንድ ዓመት ነው፣ ግፋ ቢል በሁለት።

ከቆሙት አንዱን አውቀዋለሁ። ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፎ የሚኖር፣ ቢሃር ከምትባል የሕንድ ክልል ገጠር የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አባቱ የቆርቆሮ ሳጥኑን ተሸክመው ሲያመጡት፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገብተው አልጋውን በገዛ እጃቸው ሲያነጥፉለት አይቻለሁ።

ስልኩ ጮኸ። ልጁ ንቅንቅ አላለም። ሻይ የያዘው "አንሳው፣ ስፒከር ላይ አድርገው" አለው። እናቱ ናቸው። የኔ ሂንዲ ያኔ ከገበያ አያልፍም ነበር፣ ይህችን ለመረዳት ግን አላነሰኝም። "በላህ?" አሉት። በላሁ አላቸው። "ምን እያደረግክ ነው?" እያጠናሁ። "ደህና ነህ አይደል?"

"ሳብ ቲክ ሄ፣ ማ።" ሁሉም ደህና ነው፣ እማ።

ድምፁ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኑን ከቁልፏ ላይ አላነሳም። እኔ ኮዳዬን ሞላሁ፣ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ፣ በሩን ዘጋሁ።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ሕንድ አገር፣ ስሙ ሲጠራ ሰው ቀና ብሎ በሚያይበት ግቢ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት የአክስቴ ልጅ ሕንድ ስኮላርሺፕ አግኝቶ "ምን ይዤ ልሂድ?" ብሎ ስለደወለልኝ ነው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቪዛ ምዝገባው ነገርኩት። ይህን ሳልነግረው ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ራጊንግ ይሉታል። ሲኒየሮች አዲስ ገቢውን "የሚቀበሉበት" ነው። እኛ ፍሬሽ የምንለውን ሰሜን ሕንድ ላይ "ፋቻ" ይሉታል። መጀመሪያ "ኢንትሮ" አለ። ስምህን፣ የመጣህበትን፣ የአባትህን ሥራ በታዘዘው ቃልና ቅደም ተከተል ትናገራለህ፣ አንዲት ቃል ከሳትክ እንደገና ከመጀመሪያው። ሲኒየር መንገድ ላይ ካገኘህ ከወገብህ ታጥፈህ ሰላምታ ትሰጣለህ። ፊቱን አታይም፣ ሦስተኛዋን ቁልፍ ታያለህ። ከዚያ "ሙርጋ" አለ። በሂንዲ ዶሮ ማለት ነው። ጎንበስ ብለህ እጆችህን ከጉልበትህ ኋላ አሳልፈህ ጆሮዎችህን ትይዛለህ፣ በቃ ተብለህ እስክትለቀቅ እንደዚያው ትቆያለህ። የሲኒየር ማስታወሻ መገልበጥ አለ፣ ልብሱን ማጠብ አለ፣ በሌሊት ሲጋራ ግዛ ተብሎ መላክ አለ። ልብስ ማስወለቅም አለ። ከዚያ የሚብሰውን መጻፍ አልፈልግም።

ከሩቅ ለሚሰማው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። "መቆም ምን አለበት?" የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጉጃራት በምትባል ክልል ውስጥ፣ ፓታን አጠገብ ባለ የሕክምና ኮሌጅ፣ የ18 ዓመት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲኒየሮቹ "ራስህን አስተዋውቅ" ብለው ከጓደኞቹ ጋር ለሦስት ሰዓት ያህል አቆሙት። ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ሞተ። 15 የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ተያዙ። ከሁሉ በላይ ያስደረጉት ነገር መቆም ነው።

እነዚህ ልጆች ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ምን ተሸክመው እንደሚደርሱ አስቡት። እኛ አገር የማትሪክ ሰሞን ቤተሰብ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚከርመው አይደል? እዚያ ኢንጂነሪንግ ለመግባት በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጅ ይፈተናል። አይ.አይ.ቲ. የሚባሉት 23ቱ ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋማት በጠቅላላ የነበራቸው ቦታ በ2024 ወደ 17 ሺህ 700 ገደማ ነው። ሕክምና ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተፈታኝ። ለዚህ ብሎ ራጃስታን ውስጥ ኮታ የምትባል ከተማ አለች፤ ኑሮዋ ፈተና ማስጠናት ነው። ልጆች ገና በ15 እና በ16 ዓመታቸው ከቤተሰብ ተለይተው እዚያ ይገባሉ። ሁለት ዓመት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያጠናሉ። አባት መሬት ሸጦ፣ እናት ወርቋን አስይዛ ነው። የቢሃሩ ልጅም ኮታ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ኳስ አልነካሁም አለኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፎ ሲገባ የሚቀበለው ጥያቄ "ራንክህ ስንት ነው?" የሚል ነው፤ በመግቢያ ፈተናው ስንተኛ ወጣህ ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን ጥያቄ እንደ ተራ የተማሪ ፉክክር ነበር የማየው። ቆይቶ ነው የገባኝ። በሕንድ የማዕከላዊ መንግሥት ተቋማት ውስጥ በኮታ የሚያዝ ቦታ አለ (ከተማዋን ኮታ አይደለም የምለው)፤ ለዳሊቶች (ድሮ "የማይነኩ" ይባሉ ለነበሩት) 15 በመቶ፣ ለአዲቫሲዎች (ለነባር ነገዶች) 7 ነጥብ 5 በመቶ፣ ሌሎች ኋላ ቀር መደቦች ተብለው ለተመዘገቡት 27 በመቶ። በኮታ የሚገባ ልጅ ዝቅ ባለ ደረጃም ሊገባ ስለሚችል፣ የመግቢያ ደረጃህን የጠየቀህ ሰው ብዙውን ጊዜ የጠየቀህ ቁጥር አይደለም። ካስትህን፣ በትውልድ የወረስከውን ማኅበራዊ ደረጃ ነው የጠየቀህ፤ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ አያቶችህ ከየትኛው ጉድጓድ ውሃ እንዳይቀዱ ይከለከሉ እንደነበር። ያን ሌሊት በሬን ከዘጋሁ በኋላ የቢሃሩን ልጅ ራንኩን ሁለት ጊዜ ሲጠይቁት ሰማሁ። ቁጥሩን ሲነግራቸው ሳቁ። ሌሎቹን አምስቱን ሲጠይቁ አልሳቁም። አይ.አይ.ቲ. ቦምቤይ በ2023፣ የ18 ዓመት የዳሊት ተማሪ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ራንክ መጠየቅ እንደሌለባቸው በጽሑፍ መመሪያ አወጣ። አንድ ትልቅ ተቋም ይህን በጽሑፍ ማውጣቱ ጥያቄው ምን ያህል እንደሚቆርጥ ይናገራል።

ሙምባይ ውስጥ ፓያል ታድቪ የምትባል ሐኪም ነበረች። አዲቫሲ ናት። የማኅፀንና ፅንስ ስፔሻሊቲ እየተማረች በሜይ 2019 በ26 ዓመቷ ሕይወቷ አለፈ። ሦስት ሲኒየር ሴት ሐኪሞች በካስቷ እየሰደቡ አሰቃይተዋታል ተብለው ተከሰሱ። ስለዚህ ራጊንግ የወንዶች ዶርም ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የመጀመሪያ ሳምንት ጉዳይ ብቻ ነው የሚልም ተሳስቷል። እሷ ኤም.ቢ.ቢ.ኤስ. የሚሉትን የመጀመሪያ የሕክምና ዲግሪ ጨርሳ፣ ሐኪም ተብላ፣ በሽተኛ እያከመች ነው የተሰደበችው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። ብዙ አለ። በ1996 ታሚል ናዱ ውስጥ አንድ የሕክምና ተማሪ በሲኒየሩ ተገደለ፣ በዓመቱ የክልሉ መንግሥት ራጊንግን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ2001 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመላ አገሪቱ ከለከለው። አልቆመም። ፍርድ ቤቱ እንደገና ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዘ፣ የሲቢአይ (የማዕከላዊ መንግሥቱ የወንጀል ምርመራ ቢሮ) የቀድሞ ኃላፊ አር.ኬ. ራጋቫን መሩት፣ በ2007 ሪፖርቱ ወጣ።

በማርች 2009 ደግሞ አማን ካችሩ ሞተ። ሂማቻል ፕራዴሽ፣ ታንዳ የሕክምና ኮሌጅ፣ አንደኛ ዓመት፣ 19 ዓመቱ። ሲኒየሮቹ ደበደቡት። በ2010 አራት ሲኒየሮች አራት አራት ዓመት ተፈረደባቸው። አባቱ ራጄንድራ ካችሩ ግን ፍርዱን እየጠበቁ ቤታቸው አልተቀመጡም። ልጃቸው ያን ሰሞን የሚደውልበት፣ ስሙን ሳይሰጥ የሚናገርበት ቦታ ቢኖር ኖሮ ብለው ተነሱ። ልጁ በሞተበት በ2009 ነው በመላ አገሪቱ የሚሠራ ነፃ የስልክ መስመር የተከፈተው። 1800-180-5522። ዛሬም በየሆስተሉ (የተማሪዎች ዶርም) ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የአክስቴ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ቁጥሩን አሁኑኑ ስልክህ ላይ መዝግበው።

በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት ኮሚሽን ጠንካራ ደንብ አወጣ። ራጊንግ ውስጥ ወንጀል ካለ ተቋሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት አለበት። አንደኛ ዓመቶች ለብቻቸው ማደር አለባቸው። እያንዳንዱ ተማሪና ወላጅ ደግሞ በየዓመቱ "ራጊንግ አላደርግም፣ ልጄም አያደርግም" ብሎ ይፈርማል።

የቢሃሩ ልጅ ያቺን ወረቀት ኮፒዋን አሳይቶኛል። የአባቱ ፊርማ በሂንዲ ፊደል፣ እስክሪብቶ የመያዝ ልምድ በሌለው እጅ፣ ቀስ ተብሎ የተጻፈ ስም ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሦስቱም ልጆች ያችኑ ወረቀት ፈርመዋል። አባቶቻቸውም ፈርመዋል።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን አልያዘም? እኔ እንዳየሁት አንዱ ምክንያት ቀን ቀን ያለው ግቢና ሌሊት ያለው ግቢ ሁለት የተለያዩ አገሮች መሆናቸው ነው። ቀን ፖስተር አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ የስልክ ዝርዝር አለ። ሌሊት ዋርደኑ (እኛ ፕሮክተር ከምንለው ከፍ ያለ፣ መምህርም የሆነ ሰው ነው) ቤቱ ተኝቷል፣ ጥበቃው ታች በር ላይ ነው፣ ፎቁ የሲኒየሮች ነው። በኦገስት 2023 ኮልካታ ውስጥ ጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲ የ17 ዓመት ልጅ ግቢ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆስተሉ ፎቅ ወድቆ ሞተ። አሥራ ሰባት። ከተያዙት ከ10 በላይ ሰዎች መካከል ተመርቀው የጨረሱ፣ ግን ሆስተሉን ያልለቀቁ ሰዎች ነበሩበት። አንደኛ ዓመቶች ለብቻ ይደሩ የሚለው ደንብ ከወጣ ያኔ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሌላው ምክንያት ፍሬሹ የሚከስሳቸው ሰዎች ነገ የሚፈልጋቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። የፈተና ማስታወሻ ያለው ሲኒየሩ ጋ ነው። የትኛው መምህር እንዴት እንደሚያርም የሚያውቀው እሱ ነው። ሲመረቅ ትልቅ ኩባንያ ገብቶ "ይህን ልጅ ጥሩት" የሚለውም እሱ ነው። በቃላቸው "ራጊንግ ያቀራርባል" ይላሉ፣ እና ውሸት ብቻ ነው ብዬ አላልፈውም፤ በኋላ ሲታመም ያው ሙርጋ ያስደረገው ሲኒየር ሆስፒታል ወስዶት ሌሊቱን አብሮት ያደረለት ልጅ አውቃለሁ። ግን ያ ደግነት ከሆነ መጀመሪያ ላይ ማዋረዱ ለምን አስፈለገ? ሰው ሲታመም ለመውሰድ አስቀድሞ ጆሮውን ማስያዝ አያስፈልግም። የሚቀራረቡትም አብረው የቆሙት ስድስቱ ናቸው፣ ወንበር ላይ ካሉት ጋር አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ዓመቱ ሲዞር ተራው ደርሶት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። እዚያ ያየሁት የተወጋው አልረሳም፣ ግን የሚያስታውሰው ሌላውን ሲወጋ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ የተቋሙ ስም እንዳይጎድፍ መፍራት። አይ.አይ.ቲ. ካራግፑር ውስጥ በኦክቶበር 2022 ፋይዛን አህመድ የተባለ የ23 ዓመት የአሳም ልጅ ሞቶ ተገኘ። ራሱን አጠፋ ተባለ። ቤተሰቡ አላመነም። እናቱ ተሟገቱ፣ በ2023 የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አስከሬኑ አሳም ከተቀበረበት ወጥቶ እንደገና እንዲመረመር አዘዘ፣ ከዚያም የሞተው በሰው እጅ ሳይሆን አይቀርም የሚል ውጤት መጣ። አንዲት እናት ልጇን ሁለት ጊዜ መቅበር ነበረባት ማለት ነው፣ ትክክለኛውን ነገር ለመስማት ብቻ።

በፌብሩዋሪ 2024 ኬራላ ውስጥ፣ ዋያናድ በሚገኝ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ የ20 ዓመት ተማሪ ለረዥም ሰዓታት ከተደበደበ በኋላ ሞቶ ተገኘ። የተደበደበው ግቢ ውስጥ ነው፣ ሌሎች ተማሪዎች እያዩ። ይህን ዜና ሳነብ እንደ ሩቅ ሰው ማንበብ አልቻልኩም። ዜናው ውስጥ ያለውን "እያዩ" የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። እኔም ኮዳ ይዤ እያየሁ ነበር። የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ማንም አይነካኝም ነበር። "ልጆች፣ ሌሊት ነው፣ ይተኙ" ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። ቪዛዬ፣ ስኮላርሺፔ፣ የሰው አገር ነው፣ ባህላቸው ነው፣ ምን አገባኝ፤ ይህን ሁሉ በሩን ዘግቼ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ባህል አልነበረም። የልጁ እናት ባህል አይደለም ያ፣ የአባቱም ባህል አይደለም።

በማርች 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የተማሪዎችን የአእምሮ ጤናና ራስን ማጥፋት የሚመረምር ብሔራዊ ግብረ ኃይል አቋቋመ። የቀድሞ የፍርድ ቤቱ ዳኛ ራቪንድራ ባት እንዲመሩት ተሰየሙ። ጥሩ ነገር ይዘው እንዲመጡ ከልቤ እመኛለሁ። አማካሪ ይቀጠር፣ ይቀጠር። በኛ ግቢም አማካሪ ነበረች፣ ጎበዝ ሴት፣ ቢሮዋ ግን አስተዳደር ሕንፃው ውስጥ፣ የዲኑ ቢሮ ፊት ለፊት ነበር። እዚያ ተሰልፎ የሚጠብቅ ፍሬሽ አላየሁም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምለው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በየፎቁ አንድ ትልቅ ሰው ይዙር። በእግሩ። በየበሩ ቆሞ "በላችሁ?" ይበል። የዚያ ልጅ እናት ከአንድ ቀን ባቡር ጉዞ ርቀው የሚጠይቁትን ጥያቄ፣ ፊቱን እያየ የሚጠይቀው ሰው ይኑር።

የልጁን በር ያንኳኳሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። አራት ቀን ፈጀብኝ። ከአገር ቤት የተላከልኝ ቡና ነበረኝና አፍልቼ ወሰድኩለት። ብድግ ብሎ ቆመ፣ ዓይኑ በቀጥታ ሸሚዜ ላይ ወረደ። "ፊቴን እየኝ፣ እኔ ሲኒየርህ አይደለሁም" አልኩት። "እሺ ብሃያ" አለኝ። ብሃያ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ለማየት ግን ጊዜ ወሰደበት።

ቡናው መረረው፣ ስኳር ጨመርንበት። የቆርቆሮ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ስለ ራሴ ፍሬሽነት ነገርኩት። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ስማችን እንኳ የማያውቁ ሲኒየሮች ቆመው ይጠብቁን ነበር። አንዱ ሻንጣዬን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አወጣው። ሬጅስትራር አደረሰኝ፣ ዶርሜን አሳየኝ፣ ካፌው የት እንደሆነ ነገረኝ። እኛ ግቢም ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር አላልኩትም፣ ሌላ ብዙ ችግር ነበር። ያችን ቀን ብቻ ነው የነገርኩት።

ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ስኒውን በሁለት እጁ ይዟል።

"ከዚያስ?" አለኝ። "ሻንጣህን ከተሸከመልህ በኋላ ምን አስደረገህ?"

"ምንም። ቻው ብሎኝ ሄደ።"

"ሌሊትስ አልመጣም?"

"አልመጣም።"

ስኒውን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብሎ ዓይኔን አየኝ። እያታለልኩት እንደሆነ ሊያረጋግጥ የፈለገ ይመስላል።